አሟታል አሉ

«ትንሽ አሟታል» ሲል ሰማችው ባሏን። ድምፁን ዝቅ አድርጓል፤ ግን የዚያ አፓርታማ ግድግዳ እንኳን ድምፅ ሐሳብም የሚያስቀር አይደለም። እሷ ማድ ቤት ቆማ የልጇን መታጠቢያ ውሃ ታሞቃለች፤ እሱ ሳሎን ውስጥ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በካልሲው ወዲያ ወዲህ ይላል። ስልኩ ደግሞ የሱ አይደለም፣ የሷ ነው። «አይ፣ ለክፉ የሚሰጥ አይደለም። ትኩሳት ቢጤ ነው። በዚህ ላይ ሕፃን ይዛ እንዴት ብላ ትመጣለች? እሷማ ይኸው ታለቅሳለች።» እሷ አታለቅስም ነበር። ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ሙቀቱን ትለካ ነበር። «ተኝታለች በላት» አሉ አማቷ ከሶፋው ላይ በሹክሹክታ። «አሁን ደግሞ ተኝታለች» አለ ባሏ።

የደወለችው ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለጋትም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ገና ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ተነሳሽ? መኪና ያዝሽ?» ብላ የምትደውል አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ዛሬ ከቀትር በኋላ የምታገባው ጓደኛዋ ናት። አንገቷ ረጅም ስለሆነ ቀጭኔ ይሏታል። ቀጭኔ በበኩሏ እሷን ሟርቴ ትላታለች፤ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጃንጥላ ይዛ የምትወጣ፣ ሊፍት ውስጥ ስትገባ የሰዉን ክብደት በዓይኗ የምትደምር ሴት ናትና። ሁለቱም ፀጉር ሠሪዎች ናቸው። ሙያውን የተማሩት ከሁለተኛ ደረጃ እንደወጡ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ነው። የሳሎኑ ባለቤት አዲስ የመጣ የፀጉር ማለስለሻ ቅባት ሁሉ መጀመሪያ የምትሞክረው በተለማማጆቿ ራስ ላይ ነበር፤ ከነዚያ ቅባቶች አንዱ ቀጭኔን ከግራ ጆሮዋ ኋላ አቃጠላትና የአውራ ጣት ያህል ቦታ እስከ ዛሬ ፀጉር አያበቅልም። ሰው አያውቀውም። በየቀኑ እየሸፈነች የምትወጣው ራሷ ናት፤ ግን የቱንም ያህል እጅ ያላት ብትሆን፣ የገዛ ማጅራቷን አይታ የሰርግ ፀጉር የምትሠራ ሴት የለችም። ስለዚህ ያኔ ተባባሉ፤ አንቺ ስታገቢ እኔ፣ እኔ ሳገባ አንቺ። ቀጭኔ የበኩሏን አድርጋለች። የቀረው የሷ ነው።

ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ስልኳ የሚቀመጠው ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው። ስልክ ያለበት ክፍል ውስጥ ያደረ ሕፃን ጭንቅላቱ አይጠነክርም ብለው አማቷ ያመጡት ሕግ ነው። ማንም አላስገደዳትም፤ መጀመሪያ የተቀበለችው እሷው ናት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ስትባል ያደገች ሴት እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል? ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሲጮህ የቀረበው ያነሳል፤ የቀረበው ደግሞ ሁልጊዜ ወይ ባሏ ነው ወይ አማቷ። «ደህና ናት፣ እያጠባች ነው፣ እንነግራታለን» ይላሉ። አንዳንዱን ይነግሯታል። ሰርጉንም ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ ባሏ «እናያለን» እያለ ነው የሰነበተው፤ እናያለን ሲል የሚያየው እናቱን ነው። እዚያው ማድ ቤት ቆማ፣ ውሃው ፈልቶ የድስቱን ክዳን ሲያንቀጠቅጠው፣ እሄዳለሁ አለች በልቧ። እሳቱን አጠፋች። ልጁን ሳታጥበው አለባበሰችው። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ ቀን ሳይታጠብ ቢውል ምን እንደሚሆን አስባ ሽፍታም ብጉንጅም በዓይኗ መጣባት፤ ቢሆንም አለባበሰችው።

ሻንጣዋ አልጋው ሥር ተሰናድቶ ነበር። ዳይፐር፣ የሙቀት መለኪያ፣ የትኩሳት ሽሮፕ፣ ሁለት ፎጣ፣ እነዚያ ሁለቱ ቢቆሽሹ ደግሞ ሌላ ሁለት ፎጣ፤ ከታች ማበጠሪያዎቿ፣ የፀጉር ስፒሎቿና ትንሿ የፀጉር ማድረቂያዋ፣ ፎኗ። ልጁን አዝላ ሻንጣውን አንጠልጥላ ሳሎን ስትገባ እናትና ልጅ እኩል ቀና አሉ።

«ወዴት ነው?» አሉ አማቷ።

«ሰርግ ነዋ እትዬ።»

«አሟታል ብለን ተናግረን? ሰው ምን ይለናል?»

«ተሽሏታል በሏቸው።»

ባሏ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ስለ አደጋ ሲያወራ ይዋጣለታል። «ልጁ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆንስ?» አላት፣ ለስላሳ ድምፁን አውጥቶ። ይህ አነጋገር ሌላ ቀን ቢሆን ሻንጣዋን ያስቀምጣት ነበር። «አንድ ነገር ብቻ?» አለችው። «እኔ እስካሁን አሥራ ምናምን አስቤያለሁ። ለብሰህ ትመጣለህ ወይስ ስልኬን ትሰጠኛለህ?» ስልኩን ሰጣት። አማቷ ለልጁ የሹራብ ኮፍያውን ከመስቀያው አንስተው፣ ሳያይዋት፣ ራሱ ላይ ደፉለትና ተመልሰው ተቀመጡ። በሩን ዘግታ ደረጃውን ወረደች።

ወደ ቀጭኔ ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ዳር አልተቀመጠችም፤ መስኮት ይሰበራል። ኋላም አልተቀመጠችም፤ ኋላ ያንገጫግጫል። ሾፌሩን አስተውላ አየችው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ይህ ያልተኛ ሰው ነው አለች በልቧ፣ ምናልባትም ጉንፋን ይዞታል፣ ጉንፋን ያስነጥሳል፣ ያስነጠሰ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። ከተማውን ሳይወጡ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። በአያቱ ክንድ ላይ ካልሆነ አይተኛም፤ ይህንን ቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ አማቷም ለጎረቤት ሲናገሩ በኩራት ነው። ብታጠባው እምቢ፣ ብታቅፈው እምቢ፣ ቆማ ብታወዛውዘው ረዳቱ ተቀመጪ ይላታል። አጠገቧ የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ፣ የጫማ ነጋዴ ነኝ ያለቻት፣ መጀመሪያ አዘነችላት፤ ቀጥላ የዳይፐር ዋጋ እንዴት እንደናረና በነሱ ጊዜ በጨርቅ እንዴት እንዳሳደጉ አወራቻት፤ በመጨረሻ ሻሏን ጆሮዋ ላይ ጠምጥማ ፊቷን ወዲያ አዞረች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ይህ ልጅ ምነው ሐኪም አላየውም?» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። እሷ ግን ለሷ እንደተባለ ገባት፣ የልጁንም ግንባር ዳሰሰች።

መንገዱ ወገብ ላይ፣ ሰው ሻይ የሚጠጣበት ቦታ አውቶቡሱ ሲቆም፣ ከወዲያ ማዶ የመመለሻው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ልጁ ከማልቀስ ብዛት ድምፁ ሻክሮ ነበር። ወረደች። አስፋልቱን ተሻግራ የዚያኛው አውቶቡስ በር ድረስ ሄደች፣ አንድ እግሯንም መወጣጫው ላይ አሳረፈች። ቁጭ ብትል ከምሳ በፊት ቤት ናት፤ ልጁም አያቱ ክንድ ላይ ገብቶ ጸጥ ይላል። አማቷ በሩን ሲከፍቱ ታዩዋት። አይቆጧትም። «እኔ ምን አልኩ» እንኳን አይሏትም። ዝም ብለው እጃቸውን ዘርግተው ልጁን ይቀበሏታል፤ እሷም ትሰጣለች፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ማን እንደሚያነሳ አይጠየቅም። ያን የተዘረጋ እጅ ስታስብ ከአውቶቡሱ መገልበጥ የባሰባት ያ ሆነ። እግሯን አወረደች። የጫማ ነጋዴዋ ስትመለስ አይታ «ምነው፣ ወርደሽ አልነበረም?» አለቻት፤ ቅር ያላት ትመስላለች። «አውቶቡስ ተሳስቼ ነው» አለቻት።

የሙሽራዋ ቤት በር ላይ ያገኘቻት የቀጭኔ አክስት ናት። ወገቧ ላይ ሻርፕ ያሰረች፣ በአንድ እጇ የወንበር ኪራይ ሰዎችን እያዘዘች በሌላው አበባ የተሸከመች፣ የቤቱ ጄኔራል። «አንቺ እኮ ታመሻል» አለቻት፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ እያፈገፈገች። «ባልሽ ትኩሳት አላት ብሎናል። ትኩሳትሽን ይዘሽ ሙሽራ ያለችበት ቤት ትመጫለሽ? ያውም ሕፃን አዝለሽ? ምን እንደሆነ በማይታወቅበት ዘመን?» ኮሪደሩ ላይ የቆሙ ሴቶች ሁሉ ልብሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ አንዷ አፏን በመዳፏ ሸፈነች። ልጁ ጀርባዋ ላይ ይጮኻል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቅርታ ጠይቃ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ እስኪያስገቧት ትጠብቅ ነበር። አሁን ሻንጣዋን አስቀመጠችና የሙቀት መለኪያውን አውጥታ ብብቷ ሥር ከተተች። እዚያው በሩ ላይ፣ አንድም ቃል ሳትናገር፣ አክስቲቱን ዓይን ዓይኗን እያየች ጠበቀች። መለኪያው ሲጮህ አውጥታ ሰጠቻት። አክስቲቱ አንገቷን ሰበር አድርጋ አነበበችው፣ ከዚያ ለጎኗ ሴት አሳየቻት፣ ያቺም ለጎኗ።

«ይኸ እኮ ደህና ነው» አለች አክስት፣ የተታለለች ያህል ተከፍታ።

«ደህና ነኛ።»

«ታዲያ ባልሽ ምን ነካው?»

«እሱን ጠይቁት» አለችና በመካከላቸው አለፈች።

ቀጭኔ መስታወት ፊት ተቀምጣለች፤ ነጩ ቬሎ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ተንጠልጥሏል። ከኋላዋ በጥድፊያ የተጠራች፣ ጥፍሮቿ የረዘሙ ፀጉር ሠሪ ቆማ ፀጉሯን በሙሉ ወደ ላይ እያነሳች በስፒል ታስይዛለች። አንገት እንዲህ ረዝሞ ፀጉር ወደ ታች መልቀቅ ሀጢአት ነው እያለች ትስቃለች። ግራ ጆሮዋ ጋ ገና አልደረሰችም። ቀጭኔ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣብቃ ዓይኗን መስታወቱ ላይ ተክላለች፤ ጥርስ ሊነቀልላት የተቀመጠች ነው የምትመስለው። በመስታወቱ ውስጥ ሟርቴን አየቻት። አልተነሳችም፣ አልሳቀችም።

«ተሻለሽ?» አለቻት።

«አላመመኝም። አሞኝም አያውቅም።»

«እሺ።» እሺው ከበረዶ የቀዘቀዘ ነበር። ልጁ አለቃቀሱን ቀጥሏል፤ ሚዜዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ባለጥፍሯ ፀጉር ሠሪ በማልቀሱ ተሰላችታ ድምፁን ለመሸፈን ይሁን የቀረውን ፀጉር ለማድረቅ፣ ፎኗን ሰካችና ለቀቀችው። ወዲያው ልጁ ዝም አለ። ሁሉም ዞር ብለው አዩት። ዓይኖቹን አፍጥጦ፣ አንድ ነገር ለማስታወስ እንደሚሞክር ሽማግሌ ግንባሩን ቋጥሮ ያዳምጣል። ፎኑ ሲጠፋ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሲበራ ዝም አለ። ያኔ ለሟርቴ ተገለጠላት። እስከ መውለጃዋ ሳምንት ድረስ ሆዷን ከወንበሩ ጋር እያጋጨች ስትሠራ የነበረችው በዚህ ድምፅ ውስጥ ነው። ልጇ ከማንም ክንድ በፊት፣ ከማንም እሹሩሩ በፊት የሰማው የእናቱን ሥራ ነው። ይህንን ለማወቅ እስከ ዛሬ ብቻዋን ከሱ ጋር ወጥታ አታውቅም ነበር። ከማዘያው አውርዳ አልጋው ላይ፣ በትራሶች መሐል አስተኛችው። ይወድቅ ይሆን ብላ ሌላ ትራስ ጨመረች። ተኛ።

ከዚያ ወደ ወንበሩ ሄደችና እጇን ዘረጋች። «ማበጠሪያውን» አለች። ባለጥፍሯ ሳቀች። «እማማዬ፣ ግማሹን ጨርሼዋለሁ። ፎቶው ላይ የማን ሥራ ነው ሊባል ነው?» ቀጭኔ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል «አንቺ እህቴ አክስቴንና ሚዜዎቹን ሥሪልኝ፤ ሒሳቡ ሳይጎድል ይከፈልሻል። ይቺን ተያት፣ እንዲህ ስታኮርፍ አትቻልም» አለቻት። ባለጥፍሯ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ አክስቲቱ ዞረች። ሟርቴም ወደ ላይ የተነሳውን ሁሉ ስፒሉን እየነቀለች ፈታችው። ከግራ በኩል አንድ ዘለላ ለየች፣ በጆሮዋ ኋላ አዙራ ባዶዋ ቦታ ላይ እንደ ቅጠል አስተኛቻት፣ ከሥር ሁለት ስፒል፣ ከላይ አንድ። ጣቶቿ ወራት ያልሠሩ አይመስሉም። ቀጭኔ ያ ጉዳይ ሲያበቃ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ትከሻዋ ወረደ።

«ሚዜ ሁኚልኝ ስልሽ እምቢ ካልሽ በኋላ» አለች ቀስ ብላ፣ «ለዚህም እንደማትመጪ ማወቅ ነበረብኝ።»

«ማን ነው እምቢ ያለው?»

«ባልሽ ነዋ የነገረኝ። ሰውነቷ ገና አልተመለሰም፣ ቀሚስ ለብሳ ሰው ፊት መቆም ትሸማቀቃለች አለኝ።»

ለልጁ ተብሎ የተለቀቀው ፎን አየሩን ወደ ግድግዳው ይነፋል። ጥግ ላይ አንዷ ሚዜ ጫማዋን እየለካች ነበር፤ ሮዝ ቀሚስ፣ ወገቡ የጠበበ። ያ ቀሚስ የሷ ሊሆን ነበር። ብትለብሰው ጎኑ ይተረተር ነበር፣ ሰው ይስቅ ነበር፣ ወተቷ ፈስሶ ደረቷን ያርሰው ነበር፤ ሁሉንም ታውቀዋለች፣ አስባዋለች። ግን ማሰቡም እምቢ ማለቱም የሷ ነበር። «አንቺስ አመንሽው?» አለች።

«አንቺ የምትይው ይመስላላ። ምን ላድርግ፣ ፈሪ ነሽ።»

ፀጉሩን መሥራት ቀጠለች። «ፈሪ ነኝ» አለች፣ «እየፈራሁ ነው የመጣሁት። ሾፌሩ አስነጥሶ ሊገለብጠን ነበር።» ቀጭኔ ሳቀች፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በሙሉ አፏ፤ «አትሳቂ፣ ራስሽን አትነቅንቂ» እያለች ሟርቴም ሳቀች።

የሰርጉ አዳራሽ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በየዓምዱ ጨርቅ የተጠመጠመበት ነው። ቀለበቱ ከተደረገና ፎቶው ከተነሳ በኋላ፣ ሰው እየበላ ሳለ፣ ባሏ በዋናው በር ሲገባ አየችው። የሥራ ሱፉን ለብሷል፤ በሚቀጥለው አውቶቡስ ተሳፍሮ ነው የመጣው፤ ማን እንደላከው አልጠየቀችም። ጠረጴዛዋ ጋ ደርሶ ጎንበስ አለና «እማዬ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» አላት። «ይቅመሱ» አለችው። «ልጁ ጠግቧል።» የሚመለሰው የመጨረሻ አውቶቡስ ገና አልሄደም፣ አሁን ከተነሱ ይደርሱበታል አላት። ነገ ከሰዓት በኋላ እንደምትመለስ፣ ዛሬ ከቀጭኔ እህቶች ጋር እንደምታድር ነገረችው። ይህን ስትናገር እጇ ጠረጴዛው ሥር የጨርቁን ጠርዝ ጨምድዶ ይዟል። ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም፤ ራሷም ገረማት።

አክስቲቱ ሳህን እንደያዘች ከላያቸው መጥታ ቆመች። ፀጉሯ እንደ ግንብ ተሠርቷል። «አንተ ነህ በስልክ ያነጋገርከን?» አለችው። «ይቺን ልጅ አሟታል ያልከው?» ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ማንኪያውን አቆመ። ባሏ ወደሷ ዞረ። አስተያየቱን ታውቀዋለች፤ ከዘመድ ፊት ሲጨንቀው ሁልጊዜ እንዲህ ያያታል፣ እሷም ሁልጊዜ ፈጥና «አይ፣ እሱ ለኔ ብሎ ነው» ትላለች፣ ነገሩም ያልፋል። ቃሉ ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው። ውሃ አንስታ ጠጣች፣ ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ ጠበቀች።

«እ... ተሽሏት ነው» አለ።

«መቼ ተሻላት?»

አንገቱን ደፋ። አንገቱ ላይ ላብ አየች፤ አዘነችለት፣ ግን አፏን አልከፈተችም። «አላመማትም ነበር» አለ በመጨረሻ። «እንዳትመጣ ብዬ ነው። ሚዜውንም እንደዚያው። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«እህ» አለች አክስት። ሳህኑን ፊቱ አኖረችለት። «እንግዲህ ብላ። ውሸት ያስርባል።»

ሙዚቃው ከፍ ሲል ቀጭኔ ቬሎዋን በአንድ እጇ ሰብስባ በሌላው እየጠራቻት መጣች። ሟርቴ ተነሳችና ልጁን ባሏ ክንድ ላይ አስቀመጠችው። በሕዝብ ፊት ብቻውን አቅፎት አያውቅም፤ ብርጭቆ እንደተሰጠው ሰው ደርቆ ቀረ። «ካለቀሰ ፎኑ ሻንጣዬ ውስጥ ነው» አለችው። «ምኑ?» «ፎኑ። ሶኬት ፈልግና ሰካው። አየሩን ወደሱ እንዳታዞረው፣ ያቃጥለዋል። ወደ ግድግዳ።» ሲደናገር ትታው ሄደች።

ጭፈራ አትችልም፤ ችላም አታውቅም። ወለሉ የሚያዳልጥ ነው፣ ሰው ተገፋፍቷል፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለው ትልቁ መብራት በአንድ ቀጭን ሰንሰለት ብቻ ነው የተያዘው። ቀጭኔ ሁለት እጇን ይዛ ታዞራታለች።

«ሟርቴ፣ አሁን ደግሞ ምን ይሆናል ብለሽ ነው ፊትሽን ያጨማደድሽው?»

«ፀጉርሽ ይፈታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሠራዋለሁ።»

ስትዞር፣ በሰዉ ትከሻ መሐል፣ ባሏን ጥግ ላይ አየችው። ልጁን በአንድ ክንዱ ታቅፎ፣ የፎኑን ገመድ በጥርሱ ነክሶ፣ ጎንበስ ብሎ በግድግዳው ሥር ሶኬት ይፈልጋል። ልጁ አፉን ከፍቷል፤ ድምፁ በሙዚቃው አይሰማም። እግሯ ወዲያ ሊሄድ ፈለገ፤ ይጥለዋል፣ ያንቀዋል፣ ያቃጥለዋል። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልሄደችም። ሲያልቅም ሌላ ተጀመረ።